የስፌት ማሽኔን ያወረዱ ዕለት

ደሜ የፈላው ገና ከቁርስ በፊት ነው። የጉዞ መኪናችንን፣ ካምፐሩን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምነዳበት ቀን ስለነበር ከሁሉም ቀድሜ ተነሥቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከኋላ ያለውን የዕቃ ክፍል ስከፍት የስፌት ማሽኔ የለም። የታሰረበት ገመድ ብቻ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። የእጮኛዬ የኤይለርት ሁለት ብስክሌቶችና አኮርዲዮኑ ግን በክብር ተቀምጠዋል።

ማሽኔን አባቴ ድሮ ላሞቹን ያስርበት በነበረው በረት ውስጥ፣ አሮጌ ሸራ ተጥሎበት አገኘሁት።

ይህ ማሽን እንጀራዬ ነው። እዚህ ባሕሩ ዳር የጀልባና የድንኳን ሸራ እሰፋለሁ። ኤይለርትን ያመጣልኝም እሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ዳቦ ቤት መስሎት ሱቄ ገባና ዳቦ ጠየቀኝ፤ ትከሻው ላይ ነፋስ የቀዳደደው ድንኳን ተሸክሟል። ድንኳኑን ሰፋሁለት፣ ከምሳዬም ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ስሰፋ ዐይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ወዲህ የሚሰፋ ነገር ሲያጣ ራሱ እየቀደደ ያመጣ ጀመር። ወደድኩት፤ ምን ላድርግ።

ከሠርጋችን በኋላ አባቴ ኦኖ በሰጠን ካምፐር ዓመት ሙሉ ልንዞር ተስማምተናል። አልጋና ምድጃ ያለው፣ አውቶቡስ የሚያህል መኪና ነው። በየደረስንበት የድንኳን መንደር የተቀደደ እየሰፋሁ እንኖራለን። ዕቅዱ ይህ ነበር። ማሽኑ ከሌለ ግን እኔ ሥራ የለኝም፤ ጎን ተቀምጬ ዛፍ መቁጠር ነው።

ወደ ወጥ ቤት ስገባ ሁለቱም ሻይ ይዘዋል። አባቴ ሻዩን ያማስላል። በእኛ አገር ሻይ አይማሰልም፤ ስኳሩ ሥር ይቀመጥና እየጠጡ ይደርሱበታል። አባቴ ሲያማስል ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«ማሽኔን ማን አወረደው?»

«ቶምኬ፣ የኔ ቆንጆ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለ ኤይለርት።

«አልቀመጥም! ማን አወረደው?»

«ሁለታችንም ነን» አለ አባቴ። «ዕቃው ከበደ፣ ልጄ። መኪናው ከልክ አለፈ።»

«ከየትኛው ልክ? አምስት ቶን ይችላል! ሊብሬው ላይ ተጽፏል እኮ!»

«እስከ ዛሬ ነው። ረፋድ ላይ ምርመራ ጣቢያ ቀጠሮ አለን። የመጫን ልኩን በወረቀት ወደ ሦስት ቶን ተኩል እናወርደዋለን።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የአባቴ ዘመን ሰዎች በድሮ መንጃ ፈቃዳቸው ትልቁንም ትንሹንም ይነዳሉ። እኛ ወጣቶቹ ግን ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ለመንዳት ሌላ ፈተና ማለፍ አለብን። እኔ በፀደይ ተፈትኜ አልፌያለሁ። ኤይለርት ደግሞ ፈታኙ ታሞ ቀጠሮዬ ተራዘመ ብሎኝ ነበር።

«ፈታኙ አልዳነም እንዴ?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ጆሮው እስኪጋል ድረስ ቀላ።

«ተፈትኛለሁ» አለ። «ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ወደ ኋላ መንዳት አልሆንልህ አለኝ። ሁለተኛው ላይ የሰው አጥር ይዤ ሄድኩ።»

«እና እኔ እያለሁልህ? እኔ ልነዳው አልችልም?»

«ከሠርጉ ስንወጣ፣ መንደሩ በሙሉ ደጅ ቆሞ እያየ፣ አንቺ ስትነጂ እኔ ጎን ተቀምጬ… እንደ ዕቃ…»

«ዕቃ!» ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «እኔን ዓመት ሙሉ እንደ ዕቃ ልታስቀምጠኝ ስትዶልት አላፈርክም! አንተ የተቀመጥክ እንደሆነ ነው ወንበሩ የሚያሳፍረው?»

«ልጁን አታዋርጂው» አለ አባቴ።

«አንተ ደግሞ ሻይህን አማስል፣ አባዬ! አኮርዲዮኑስ? እሱ አይመዝንም?»

«እሱ እንኳ ቀላል ነው» አለ ኤይለርት፤ ይህን ደፍሮ ተናገረ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ መንጭቄ ወጣሁ።

ትልቅ መኪና የሚያስነሣ ሰው መጀመሪያ ልቡን ያሳርፍ ይል ነበር አስተማሪዬ። የእኔ ልብ ግን የት ያርፋል! የጋዙን ቫልቭ እየተራገምኩ ዘጋሁ። የመብራቱን ገመድ ነቀልኩ፣ የጣሪያውን መስኮት ጠረቀምኩ፣ የፍሪጁን በር ቆለፍኩ። መሳቢያዎቹን በእግሬ መታሁ። ወንበሩ በአባቴ እግር ልክ ስለነበር ወደ ፊት ሳብኩት፣ ስፖኪዮዎቹንም ለራሴ ቁመት አስተካከልኩ። በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል፣ ያን ትልቅ መሪ በሁለት እጄ ስይዝ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ይበልጥ ተናደድኩ።

ማሽኔን ለማስጫን ወደ በረቱ ደጃፍ ለመጠጋት ግቢውን መዞር ነበረብኝ። ገና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ በእግሬ የመታሁት መሳቢያ ተከፍቶ ሹካው፣ ማንኪያው፣ ቢላዋው ወለሉ ላይ ዘነበ። «ገደል ግቡ!» አልኩ፤ ሹካዎቹን ይሁን ወንዶቹን እንጃ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መንዳት መጣ። በበረቱ ግድግዳና በአሮጌው የውሃ ጉድጓድ መሀል ጠባብ መንገድ አለች። አባቴ በግራ በኩል ፍንጃሉን እንደያዘ «ቀኝ! ኧረ ቀኝ! ግራ!» ይላል። ኤይለርት ሮጦ ከኋላ መጣ። የጎረቤቶቻችን መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ።

«ጋሽ ኦኖ!» ብሎ ኤይለርት ሲጮህ ሰማሁት። «ይተዉአት እባክዎ! ታውቃለች! ከእኛ ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት!»

ይህን የጮኸው መንደሩ እየሰማ ነው። በስፖኪዮው ውስጥ ዐይን ለዐይን ተያየን። እጁን ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት፤ የበረቱ ደጃፍ ጋ ስደርስ እጁን ጨበጠ፣ ፍሬን ያዝኩ። ግድግዳውን አልነካሁም።

አባቴ ማንም ሳያዝዘው ምርመራ ጣቢያ ደውሎ ቀጠሮውን ሰረዘ። ከዚያ ሁለቱ እያቃሰቱ ማሽኔን ጫኑ። ኤይለርት በራሱ እጅ አሰረው፣ ገመዱንም ሁለቴ ፈተሸው። ቀጥሎ አኮርዲዮኑን አቅፎ ሲወርድ አየሁት።

«ወዴት ነው?»

«ቦታ እንዳይዝብሽ ብዬ።»

«ማን አውርደው አለህ? አምስት ቶን ነው የምነዳው! መልሰው!»

መለሰው። ከዚያ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ሸሚዙ አቧራ ለብሷል፤ ዐይኑን ሊያነሣ ይሞክርና ይተወዋል። ልሄድና ላቅፈው ፈለግሁ፣ ግን መሪውን አልለቀቅኩም።

«ዋሸሁሽ» አለ። «ሠርጉ… አለ ወይስ የለም?»

ስፖኪዮውን እንደገና ማስተካከል ጀመርኩ። እንዲጨነቅ ፈልጌ ነው፤ ተጨነቀም።

«ሠርጉ ቅዳሜ ነው» አልኩት በመጨረሻ። «ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እኔ ነኝ የምነዳው። መንደሩ በሙሉ እያየ።»

ዞሮ መጣና በጎን በኩል ወጣ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ እያዩት ቀበቶውን አሰረ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ቶምኬ፣ ወደ ኋላ መንዳት… አስተምሪኝ።»

«ነገ» አልኩት። «ዛሬ ገና አልበረደልኝም።»