ኤርጎ ምን ሊል ነበር

የሐመሩ ልጅ ኤርጎ በዚያ ቀን ከመቀመጫው ሲነሣ በአፉ ምን ይዞ ነበር? የዚህን ታሪክ ሌላውን ሁሉ አውቃለሁ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጊዜው ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነበር፤ የምርጫው ቁጣ ገና አልበረደም፤ የጂንካ ሰው ሬዲዮ የሚሰማው ድምፁን ቀንሶ ነበር። በዚያው ሰሞን በጭቃ የተለወሰ አይሱዙ ከአውሮፕላን ሜዳው ዳር ቆሞ ፕላዝማ የሚባሉትን ትልልቅ ቴሌቪዥኖች አራገፈ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሣጥን ተቆልፈው ተሰቀሉ። ከእንግዲህ ትምህርቱ በሳተላይት ከሰማይ ይወርዳል፤ የመምህሩ ሥራ ማሽኑን መክፈት፣ የተማሪውም መስማት ነው ተባለ።

የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ወይዘሪት እልፍነሽ ከአሪ ገበሬ ቤት የተወለደች ነበረች። አባቷ በሐመር ምድር ወዳጅ ነበረው፤ እሱ እህል ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ወዳጁ ማርና ፍየል ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በሰው አገር ወዳጅ የሌለው መንገደኛ ግን ማደሪያ አያገኝም። እልፍነሽ ይህን ሥርዓት ወደ ክፍሏ አመጣችው።

«እንግሊዝኛ የሰው አገር ነው፤» ትላቸው ነበር። «ወዳጅ ሳታበጁ አትገቡበትም።»

ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከከባዶቹ ቃላት አንዱን ወዳጅ አድርጎ ይይዛል፤ የት እንዳገኘው ከገዛ ኑሮው ተናግሮ ለክፍሉ ያስተዋውቃል፤ ጓደኞቹ ካመኑት ቃሉ የሁሉም ወዳጅ ይሆናል።

«ሪላክታንትን የት አገኘኸው?» አለችው ኤርጎን አንድ ቀን።

«ወይጦ ወንዝ ዳር፣ ቲቸር። በሬያችን አልሻገርም ብሎ ቆመ፤ ብንገፋው ብንገፋው እያመነታ ገባ።»

«ኧረ በሬው አይደለም፣ ራሱ ነው!» አለች ምህረት ከኋላ። «ሰሌዳ ላይ ውጣ ሲባል የምንገፋው እኛ አይደለን?»

ክፍሉ ሳቀ፤ ኤርጎም አብሮ ሳቀ፤ ያንን ቃል ከዚያ በኋላ የረሳው አልነበረም።

ይሁን እንጂ የኤርጎ ልብ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከሐመር ምድር ከዲመካ «ከብቶቹ ጠባቂ አጥተዋል፤ ና» ብሎ ልኮበታል፤ እሱም ለመምህርቱ «እንግሊዝኛው ከገባኝ እቆያለሁ፤ ካልገባኝ እዚህ ምን አደርጋለሁ?» ብሏት ነበር።

አንድ ጠዋት በፕላዝማው ላይ አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ንግግሯ እንደ ክረምት ጎርፍ ይጣደፋል። የዕለቱ ቃል «ኢንኤቪተብል» ነበር፤ መቼም የማይቀር ማለት ነው። ሴትዮዋ «ከሕይወታችሁ አንድ የማይቀር ነገር ንገሩኝ» አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ሁሉ ተማሪ የገባው ኤርጎ ብቻ ነበር፤ ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አፉን ከፈተ።

«ቬሪ ጉድ!» አለች ሴትዮዋ፤ ወደ ሌላ ጥያቄም አለፈች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኤርጎ አንድ ጊዜ ማሽኑን፣ አንድ ጊዜ መምህርቱን አየ፤ ከዚያ አፉን ገጥሞ ተቀመጠ። በነጋታው ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ለዲመካ ገበያ በሚወርድ መኪና መሳፈሩ ተሰማ።

እልፍነሽ የብረት ሣጥኑን ከፍታ ማሽኑን አጠፋችው፤ በማግሥቱም አጠፋችው፤ በሳምንቱም። ወሬው ደርሶ ወርቅነህ የተባለ ሱፐርቫይዘር ከትምህርት ቢሮ መጣ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ግን ነበር።

«ወይዘሪት እልፍነሽ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር ይበሉና እንገላገል። ጂንካ ላይ መብራት መጥፋቱ ብርቅ ነው እንዴ?»

«መብራት ነበረ።»

«እባክዎ! ዘንድሮ እኮ እንደ ሌላው ዓመት አይደለም፤ የመንግሥትን ድምፅ የሚዘጋ ሰው የማን ወገን ነው እንደሚባል ያውቃሉ!»

«ልጄን ሳይሰማ ያሞገሰ ድምፅ የማንም ይሁን፣ እዘጋዋለሁ። አርባ ዓይን እያየ ተዋርዶ ሄደ እኮ! ያዋረደው ሰው እንኳ አይደለም፤ መስተዋት ነው! እርስዎ ልጅ የለዎትም?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንጀራሽን አትፈልጊውም?» አለ ወርቅነህ ማክበሩን ረስቶ። እሷ ግን የሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

በኅዳር ፊደል እንድታስቆጥር ሃና ወደምትባል ሩቅ የቆላ ከተማ ተዛወረች። ማሽኑም ተከፈተ፤ መልስ ላልሰጡ ልጆች «ቬሪ ጉድ!» ማለቱን ቀጠለ፤ በዓመቱ መጨረሻም ቢሮው ትምህርቱ በእቅዱ መሠረት መዳረሱን በኩራት ዘገበ። ዓመታት አልፈው እነዚያ መስተዋቶች እቃ ቤት ውስጥ አቧራ ጠጡ፤ ይቅርታ የጠየቀም የለም። ታሪክ የማሽኖቹን መምጣት አስታወሰ፤ አፉን ከፍቶ የቀረውን ልጅ ግን የሚቆጥርበት ቦታ አላበጀለትም።

እልፍነሽ ወደ ሃና በሄደችበት ጠዋት ለዲመካው ሚኒባስ ሹፌር የቃል መልእክት ሰጥታው ነበር፤ እንዳይስትም ደጋግማ አስጠንታዋለች፦

«ኤርጎ፣ ሴትዮዋ አልሰማችህም፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። የማይቀር ልትለው የነበረው ነገር ምንድን ነው? ንገረኝ፤ እጠብቃለሁ።»

ሹፌሩ ኤርጎን ከከብቶቹ መካከል አግኝቶ ቃሏን እንዳደረሰ ምሎ ተናገረ፤ መልስ ግን አልመጣም።