ከኩማ ኪስ የወጣው ካርድ

የፕሮግራመሩ የኩማ አስከሬን በሰርቨር ክፍሉ ደጃፍ ሥር ተጋድሟል። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተለቅቆበት አየር አጥቶ ነው የሞተው። ኢንስፔክተር ደሚቱ የሸሚዙን ኪስ ስትፈትሽ በመሐረብ የተጠቀለለ የኔትወርክ ካርድ አገኘች፤ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ኮሪደሩ ላይ የኩማ እናት ወይዘሮ ወለተሰንበት ቆመዋል። ከልደታ ማርያም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነው የመጡት።

«ያ ኤልያቄም የሚሉት፣ ‹ልጅዎ በገዛ ጥገናው ሞተ› አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ገዳዩን ስጪኝ። የልጄንም ስም መልሺልኝ።»

«ሁለቱንም፣ እማማ።»

በዚህ የጌጃ ሰፈር ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩንም ጋዙንም የሚያዘው አንድ ኮምፒውተር ነው። ካርዱን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ መጀመሪያ የጻፈው ባልደረባው ኤልያቄም ነበር፤ በኋላ የጠገነው ኩማ ነው።

«ሰርጎ ገብ ነው» አለ ኤልያቄም። «ከውጭ የሚላክ መልእክት ርዝመቱን ይዋሻል። ድራይቨሩ ሳይለካ ከተቀበለው፣ ትርፉ ከተመደበለት ቦታ አልፎ በማሽኑ ውስጥ አጠገቡ ያለውን መረጃ ይደመስሳል። ማሽኑን በዚያ ቀዳዳ ማዘዝ ይቻላል። ኩማ ‹ደፈንኩት› ብሎ ነበር። የማሽኑን መዝገብ እዪው፤ ልክ በሞተበት ሰዓት ‹ስምንት ሰዓት፣ የኩማ ድራይቨር ተበላሽቶ ወደቀ› ይላል።»

«ቀዳዳው ግን ያንተ ነበር አሉ።»

«አዎ፤ ኩማ በደንበኞች ፊት አሳቀብኝ። የቡድን መሪነቴንም ወሰደ። ታዲያስ?»

የመብራት ሠራተኛው ነስረዲን እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። «በሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። ዘገየሁ። የማሽኑን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ኩማ፣ ኤልያቄምና ቤርሳቤህ ብቻ ናቸው።»

ወጣቷ ፕሮግራመር ቤርሳቤህ ዓይኗ አብጧል። «ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ብሎኖቹን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ‹ጥገናዬን ነገ እስክፈትነው አላምነውም› ብሎ ካርዱን ነቀለና ከአሮጌ ማሽን ያወጣውን ሌላ ዓይነት ካርድ ሰካበት።»

«ኤልያቄም አይቷል?»

«ሰንጋ ተራ ደንበኛ ጋ ነበር። የመጣው ከምሳ በኋላ ነው።»

ደሚቱ ሁሉንም ሰበሰበችና መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

«የኩማ ድራይቨር የሚሠራው በዚህ ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የሟች ኪስ ውስጥ ነበር። ያልተሰካ ካርድ ድራይቨር ስምንት ሰዓት ላይ እንዴት ይወድቃል?»

ካርዱን አንስታ ለሁሉም አሳየች።

«ስለዚህ መዝገቡ ላይ ያለው ውሸት ነው፤ ሰው የጻፈው ውሸት። ነስረዲን የይለፍ ቃል የለውም። ቤርሳቤህ ካርዱ መነቀሉን ታውቃለች፤ ብትዋሽ እንዲህ አትዋሽም። አንተ ግን ሲነቀል አላየህም፣ ኤልያቄም። ከወንበርህ ሳትነሳ በሩን ቆለፍክ፣ ጋዙን ለቀቅክ፣ ጥፋቱንም በጥገናው አላከክ። መግደሉ አልበቃህም፤ እንዲሳቅበት ፈለግህ።»

«ይገባዋል!» ጮኸ ኤልያቄም። «ቢፈተን ኖሮም ያው መውደቁ አይቀርም ነበር!»

«እንፈትነዋ።»

ቤርሳቤህ ካርዱን መልሳ ሰካችው። ካቴና ሊያጠልቅ የቀረበውን ፖሊስ ደሚቱ በእጇ ገታችው። «አንድ እጁን ተውለት። ቀዳዳውን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በል፣ ርዝመቱን የሚዋሸውን መልእክት ላክ።»

ላከ። ጠበቀ። አስረዝሞ ደግሞ ላከ። መሥራቱን የሚያሳየው የካርዱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቋረጠም።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ጠጋ አሉ። «ወደቀ?»

«አንተ ንገራቸው» አለችው ደሚቱ።

ኤልያቄም አንገቱን ደፋ። «አልወደቀም።»

«ጮክ በል» አሉ እናቲቱ። «ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር የነገርከኝ።»