ገፊው ፓምፕ

እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ሥራዬ ቧንቧ ነው፣ ቧንቧ ደግሞ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል፣ "ግድግዳችን ውስጥ የሚያቃስት ነገር አለ" ተብዬ ስንቴ ተጠርቼ፣ ስንቴ አየር የያዘ ቱቦ ብቻ አግኝቼ ተመልሻለሁ መሰላችሁ። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ "ሌሊት ነበር፣ ድቅድቅ ጨለማ ነበር" ይላል፣ የእኔው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዶሮ ወጥ እየሸተተኝ ነው፣ እመኑኝ ይኼ ይብሳል።

የፋሲካ ሳምንት ነበር። ከደብረ ብርሃን መንዝ፣ ሞላሌ የሄድኩት የእትዬ አስካለን አዲስ ፔንሲዮን ውሃ ላስተካክል ነው፣ ብቻዬን፣ ረዳት የሚባል ነገር የለኝም፣ ይህንንም ያዙልኝ። ሕንጻው ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖ የቆመው እትዬ አስካለ ከሁለት ባሎቻቸው ጋር፣ በተራ ማለቴ ነው፣ በኖሩበት ግቢ ላይ ነው። ሁለቱም አርፈዋል። አሁን በመጪው እሑድ ሦስተኛውን ሊያገቡ ነው፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአይሱዙ ሹፌር፣ የሠርጉ እንግዶች በሙሉ የሚያድሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ግን ቧንቧ ሲከፈት የሚወጣው ፉጨት ብቻ ነው።

ፓምፑን አውርጄ ግቢው ውስጥ ሳስቀምጥ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡና "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ። እኔ ሞኙ ቀለል አድርጌ ላስረዳ ብዬ፣

"ገፊ ነው እትዬ፣ ይኼ ቤት ያለ ገፊ አይሆንም" አልኩ።

ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ማን ነገረህ?"

"ምኑን?"

"የደምሴ እህት ናት አይደል? ደብረ ብርሃን ድረስ አወራችው በለኛ!"

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት ነገር የገባኝ። በእኛ አገር ባል ባገባች ቁጥር የምትቀብር ሴት "ገፊ" እንደምትባል የማያውቅ የለም፣ እኔ ግን ጭንቅላቴ ቱቦ ብቻ ስለሆነ ረስቼዋለሁ። "ውሃ ገፊ እትዬ! ውሃ! ወደ ላይ የሚገፋ!" ብዬ ጮህኩ፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማኝ፣ ይባስ ብሎ።

እሳቸው የፓምፑ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። "አየለን ቀበርሁ፣ ተክሌን ቀበርሁ" አሉኝ። "ደምሴ አይፈራም፣ የምፈራ እኔ ነኝ። ደግ ሰው ነው፣ እወደዋለሁ። እውነት ገፊ ብሆንስ? እሑድ ሳይደርስ ልተወው ይሆን እላለሁ።" አንጀቴን በሉት። እንዲረሱት ብዬ ስለ ሟቾቹ ጠየቅኳቸው፣ እውነትም ትንሽ ፈታ አሉ። አየለ ቋጣሪ ነበር አሉ፣ ውሃ በአህያ በሚመጣበት ዘመን ሰው እጁን ሲታጠብ "ያልቃል!" ብሎ ጆጉን ይነጥቃል፣ ራሱም እጁን ነካ አድርጎ ነው የሚቀመጥ። ተክሌ ደግሞ ተቃራኒው፣ እሱ ታጥቦ እስኪጨርስ ወጡ ይቀዘቅዛል።

ፓምፑን ገጠምኩ። የዚህ ዕቃ ጠባይ ቀላል ነው፣ አንድ ሰው ቧንቧ ሲከፍት ሞተሩ ይነሳል፣ ሲዘጋ ያርፋል፣ ካልተከፈተ አይነሳም። በማግስቱ ምሳ ሊቀርብ ሲል እኔና እትዬ አስካለ ምድር ቤት ነን፣ በሕንጻው ሌላ ሰው የለም፣ ሞተሩ ቡርርር ብሎ ተነሳና ወዲያው ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነሳ፣ አሁን ግን አያርፍም፣ ይሠራል፣ ይሠራል፣ ይሠራል፣ እንጀራው ቀርቦ ሲያልቅ ነው ያረፈው።

ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ሲያፈስ እንዲህ ይሆናል፣ አልደነገጥኩም። አዲስ ቫልቭ ቀየርኩ። በነጋታው ያው ምሳ ሰዓት፣ ያው አጭር፣ ያው ረጅም። ሦስተኛ ፎቅ ሮጥኩ፣ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቷል፣ የመጨረሻው ክፍል የእጅ መታጠቢያ ግን እርጥብ ነው፣ ሳሙናው ላይም አረፋ አለ። "የመንዝ ብርድ ነው፣ ሳሙና ያልባል" አልኩ ለራሴ። ሳሙና አልቦ አያውቅም፣ ግን ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም።

ወርጄ ስነግራቸው እትዬ አስካለ ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ። "መጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም?" አሉ፣ ቀና ብለውም ወደ ደረጃው አዩ።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ለምሳ መጡ። እትዬ አስካለ ሊነግሯቸው ወስነዋል፣ ከዓይናቸው ያስታውቃል።

"ደምሴ፣ ከመብላታችን በፊት አንድ ነገር..."

"ውሃው ወጣ አይደል? መጀመሪያ ፎቁ ላይ ወጥቼ ልታጠብበት፣ ልመርቀው!" ብለው ደረጃውን እያፏጩ ወጡ። እኛ ጆሯችንን አቀናን። ሞተሩ ተነሳ፣ አጭር። ተነሳ፣ ረጅም። ለሦስተኛ ጊዜ ተነሳና መሐል ላይ ቀጥ አለ።

ጋሽ ደምሴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ወረዱ፣ እስከ ክርናቸው የሳሙና አረፋ ነው።

"ስማ ልጄ፣ ያ አንዱ ረዳትህ ባለጌ ነው። ሳልለቃለቅ ቧንቧውን ጠምዝዞ ዘጋብኝ! ያኛው ግን ጨዋ ነው፣ ታጥቦ ሲጨርስ እጅ ነስቶ ነው ቦታ የለቀቀልኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ ረዳት የለኝም" አልኩ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሊጮኹ ነው ብዬ ነበር፣ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና እንባቸው ወረደ። "ገፊ ይሉኛል!" አሉ። "ገፊ ብሆን እነዚህ ሁለቱ ባሎቼ እስከ ዛሬ እዚህ ምን ይሠራሉ?" ከዚያም አቀርቅረው ሁሉንም ለጋሽ ደምሴ ነገሯቸው፣ አየለን፣ ተክሌን፣ ሞተሩን፣ እሑድን ለመተው ማሰባቸውን።

ጋሽ ደምሴ አረፋው ከክርናቸው እየተንጠባጠበ ብዙ አሰቡ።

"እንግዲያው ለእሑድ ሁለት ሰው ጨምሪ" አሉ።

ሠርጉ በዚሁ ጸና። ዶሮው ቀረበ፣ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ፣ "በል ልጄ፣ አንተም ላይ ወጣ በልና ታጠብ።"

"ጾም ነኝ" አልኩ።

በፋሲካ ሳምንት! ሁለቱም አዩኝ፣ እኔም ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሞላሌ ሥራ ሲኖረኝ በጠዋት ጨርሼ ከቀትር በፊት እወጣለሁ፣ ፓምፕንም "አጋዥ" እንጂ በዚያኛው ስም ጠርቼው አላውቅም። ጋሽ ደምሴ ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ቦርጭ አውጥተዋል። በቀደም ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ እጄን በሳሙና እንዳሸሁ ቧንቧው እንዳይዘጋብኝ የሚያደርግ ቫልቭ የለም?"

"የለም ጋሼ" አልኳቸው። እንደ ቀልድ ላልፈው ፈልጌም፣ "ራስዎ አይነግሩትም?" አልኩ።

"ነገርሁት እንጂ" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ እንደ ተራ ነገር። "ያልቃል አለኝ።"