የጋሽ ኢድሪስ ክሮም

የኑሪያ ቀለም ረጪ የሮቦት ክንድ ጠዋት ሥራ ሲጀምር ያስነጥሳል። ያን ቅዳሜም አስነጠሰና ግራጫ ቀለም የጋራዡ ግድግዳ ላይ ተፋ። ኑሪያ "ይማርህ" አለችው፤ በመፍቻ ጀርባ ትከሻውን ሁለቴ መታ መታ አደረገችና አፍንጫውን በጨርቅ ጠረገችለት። ክንዱ ከጣሪያው ሐዲድ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቀጣዩን መኪና ፍለጋ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

ቀጣዩ የጋሽ ኢድሪስ ፔጆ ነበር፤ አራት መቶ አራት፣ ድሬዳዋ ውስጥ በሰው እጅ የሚነዳ የመጨረሻው ታክሲ። የነዳጅ ሞተሩ ወጥቶ ባትሪ ከገባለት ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ክሮሙ ግን የጥንቱ ነው። ፓራውልቱ፣ ያ ከፊት የሚታሰረው መከላከያ ብረት፣ ጋራዡን ከነሰዎቹ አጣምሞ ያሳይ ነበር።

መሐንዲሷ ውዳሴ በርጩማ ላይ ያስቀመጠችውን ጨረረ-ዓይን ወደ ፓራውልቱ አዞረች። ከተማውን የሞሉት ራስ-መር መኪኖች ሹፌር የላቸውም፤ በዚህ ዓይን ጨረር ልከው፣ ነጥሮ የተመለሰውን ቆጥረው ነው መንገዱን የሚያዩት። ታብሌቷ ላይ የጋራዡ ግድግዳ በቦታው ልክ ታየ። ፔጆው ባለበት ግን የተበተነ ጤፍ የመሰለ የነጥብ ክምር ብቻ ነበር።

"ይኸው" አለች። "ለእነሱ ይሄ መኪና አይደለም። ራስ ምታት ነው።"

"ለባለቤቴም እንደዚያው ነበር" አሉ ጋሽ ኢድሪስ፣ የተገለበጠ ጎማ ላይ እንደተቀመጡ።

ውዳሴ ከሴኡል ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ተምራና ሠርታ ስትመጣ፣ የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ የሰጣት የመጀመሪያ ሥራ ባዶ ቁምን ማጥፋት ነበር። ባዶ ቁም የሚሉት ራስ-መር መኪና ፊት ለፊቱ ምንም ሳይኖር ድንገት ሲቆም ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ በሁለት ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ደርሷል። መዝገቡን አንድ በአንድ አየችው፤ በአብዛኛው ላይ አንድ ፔጆ ከመታጠፊያው አጠገብ ቆሟል። አዋጁን የጻፈችውም እሷ ናት። ከዚህ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት በኋላ ክሮሙ ያልተሸፈነ መኪና መጋላ አይገባም፤ ከገባ ፈቃዱ ይነጠቃል። በምን ይሸፈን የሚለውን ለባለቤቱ ትታለች። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን የሆነ ነገር ስላልጣማት፣ በእረፍት ቀኗ ራሷ ልትፈትሽ መጣች።

"ይምረጡ ጋሽ ኢድሪስ። ቀለም፣ ስቲከር ወይስ ልጣጭ?"

"እርስዎ አትበይኝ አቦ። ድሬ ነው ያለሽው።"

ኑሪያ ሦስት የተሸፈኑ ክሮም ቁራጮች አምጥታ ጭናቸው ላይ ደረደረች። "ቀለም ካልክ፣ ክሮም ቀለም አይዝም፤ ያንሸራትተዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ፍቄ ብርሃኑን መግደል አለብኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ልጅ ልጅህ ይቆያል። ሐሳቤን ቀየርኩ ብትለኝ ግን ከሥሩ የምታገኘው የተቧጨረ ብረት ነው።"

"ስቲከሩስ?"

"ለበሩ ጠርዝ ቆንጆ ነው። ፓራውልትህ ግን እንደ ግመል አንገት የተቆለመመ ነው። እኔ በሙቀት ስቤ ባለብሰው የድሬ ፀሐይ መልሳ ትስበዋለች። ወር ሳይሞላ ጠርዙ ይነሳል፣ ሙጫው ይቀልጣል፣ አቧራውን ይጠጣል።" ሦስተኛውን ቁራጭ አነሳች። "ይሄ ልጣጭ ነው። ክንዱ ይረጨዋል፣ በሃያ ደቂቃ ቆዳ ይሆናል። ውስጡ ያለው ዱቄት የክሮሙን ነጸብራቅ ያስታግሰዋል። ብቻ አራት ጊዜ በደንብ ካልተደራረበ ሲላጥ ይበጣጠስና ሳምንት ሙሉ በጥፍርህ ስትለቅም ትከርማለህ።"

ጋሽ ኢድሪስ ሦስቱንም በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። "ቶሎ የሚነሳው የቱ ነው?"

"ገና ሳትለብስ ማውለቅ?"

"በስንት ደቂቃ ይነሳል ነው ያልኩሽ።"

ውዳሴ ሳቀች። ሽማግሌው ለብልጭታው የሳሱ መስሏት ነበር። እሷ ብትሆንስ የቱን ትመርጥ ነበር? ቀለም እርግጠኛ ለሆነ ሰው ነው። እሷ ከመጣች ወዲህ ስለ አንድም ነገር እርግጠኛ ሆና አታውቅም፤ መምጣቷንም ጨምሮ።

"ልጣጭ" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"ልጣጭ" አሉ ጋሽ ኢድሪስም።

ክንዱ አራት ጊዜ ሄደ፣ አራት ጊዜ ተመለሰ። የመጨረሻው ድርብ ሲደርቅ ውዳሴ ጨረረ-ዓይኑን እንደገና አበራች። ፓራውልቱ ከነኩርባው፣ ከነጎድጓዳው፣ በስተቀኝ ካለው የድሮ ግጭት ምልክት ጋር ጥርት ብሎ ታየ። ማንም ማሽን ይህን ብረት እንዲህ አይቶት አያውቅም። ቅርጹን መዝግባ አስቀመጠች።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ፔጆው ውዳሴንና ኑሪያን ይዞ መጋላ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በር ላይ በሚሰፉበት መታጠፊያ፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ ቆመ። አንዱ ሰፊ ከማሽኑ ቀና አለ።

"ጋሽ ኢድሪስ፣ መኪናህ ሐዘን ላይ ናት እንዴ? ማን ሞተባት?"

"መልኳ" አሉ።

የፍተሻው ሕግ ቀላል ነው። አሥር ራስ-መር መኪኖች በፔጆው አጠገብ ሲያልፉ አንድም ባዶ ቁም ካልተመዘገበ ውዳሴ ትፈርማለች፣ ፈቃዱም ይታደሳል። የመጀመሪያው ጭነት አመላላሽ መጣ፤ ሳይቆም ታጥፎ ሄደ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው እንዲያውም ፍጥነቱን አልቀነሰም። ውዳሴ ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥር ጀመር። ስምንት ወር የለፋችበት ነገር ዓይኗ ፊት እየሆነ ነው።

"ሠራ እኮ" አለቻት ኑሪያን።

ጋሽ ኢድሪስ ግን ከመሪያቸው ጀርባ አንገታቸውን አስግገው፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ግንብ የሸፈነውን መንገድ ለማየት ይታገሉ ነበር። ስድስተኛው ሲመጣ ጡሩምባቸውን ነፉ፤ ደግመውም ነፉ።

ከግንቡ ጀርባ የማንጎ ጋሪ ብቅ አለ። የራስ-መሩ ጎማ ጮኸ፤ ከጋሪው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ገፊዋ ደንግጣ ስትለቀው ጋሪው ተገልብጦ ማንጎው ድንጋይ ንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ባለ ጋሪዋ ወይዘሮ ጦይባ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። ሰፊዎቹ ሮጠው ደገፏት። ደህና ናት።

የውዳሴ ታብሌት ደወለ፦ ትክክለኛ ቁም። ስህተት የለም። ባዶ ቁም፣ ዜሮ።

ዜሮውን አየችው። "በፊት እዚያ ጋ ይቆም ነበር" አለች፣ ወደ ኋላ ስምንት ሜትር ያህል እያሳየች። "በመዝገቡ ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚቆመው። ለምን?"

የፔጆው ኮፈን ላይ ተደግፋ የድሮውን መዝገብ ከፈተች። ራስ-መሩ ከመቆሙ በፊት ያተኮረበትን የሚያሳይ ቀይ ምልክት አለ፤ ሁልጊዜ የሚያርፈው ክሮሙ ላይ ነው። እሷና ባልደረቦቿ ክሮሙ ዓይኑን አጥበረበረው ብለው ነበር። የነጥቡን ክምር ግን ማንም አልመረመረውም፤ ክምር ነዋ።

"የተጣመመ ብረት ሲመጣልኝ" አለች ኑሪያ ማንጎ እየለቀመች፣ "መጀመሪያ የምጠይቀው በየት በኩል እንደተጣመመ ነው። ያንን ካወቅኩ መልሼ ማቅናት ነው።"

ውዳሴ ቀና ብላ አየቻት። የፓራውልቱ ቅርጽ፣ እያንዳንዱ ኩርባ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ታብሌቷ ውስጥ አለ። ክሮሙ ባይሸፈን ኖሮ አይኖርም ነበር። ቅርጹን ከድሮው ክምር ጋር አገናኘች፤ ክሮሙ ያጠፈውን ጨረር በኩርባው ልክ መልሶ እንዲዘረጋው አዘዘች። የተበተነው ጤፍ ተንቀሳቀሰ፣ ተሰበሰበ። ከግንቡ ጀርባ ያለው መንገድ ሆነ። መንገዱ ላይ ቅርጫት የተሸከመ ሰው ቆሟል።

ቀጣዩን መዝገብ ከፈተች። ፍየል የሚጎትት ሰው። ቀጣዩን። እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ሰዎች። ከአንዱ ወደ ሌላው ዘለለች። ራስ-መሮቹ ማንም ሳያስተምራቸው የፔጆውን ክሮም መስታወት አድርገውት፣ ከግንቡ ወዲያ ያለውን ሰው ያዩ ነበር።

"ግን እኮ ማንም ብቅ አላለም" አለች። "ከቆመ በኋላ ያለውን ሁሉ አይቻለሁ። አንድም ሰው አልወጣም። ለዚያ ነው ባዶ ያልነው።"

ጋሽ ኢድሪስ ከመኪናቸው ወረዱ። "እንዴት ይውጣ? መኪና ቆሞ ሲያይ ወደ ኋላ ይልና 'እለፍ' ይለዋል። አንቺ ሰው ቆሞልሽ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ?"

በየመዝገቡ ላይ እውነትም ሰዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። መኪናው ቆመላቸው፤ እነሱም ለመኪናው ለቀቁለት። የሁለቱ ትሕትና ተደምሮ ቢሮው መዝገብ ላይ ባዶ ሆነ።

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ክሮሜን እንደሚያዩ? ሁለት ዓመት ሆነኝ። ተሳፋሪ ሲጠፋ እዚህ መጥቼ የምቆመው ለምን መሰለሽ? በየጠዋቱ የምወለውለውስ?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ማን ጠየቀኝ? አዋጅ ነው የመጣልኝ።" ወደ ግራጫው ፓራውልት አገጫቸውን ወረወሩ። "እናንተ ስትሄዱ ልልጠው ነበር።"

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አሁን ብትፈርም ፈቃዱ ይታደሳል፣ መታጠፊያው ግን ዕውር ይሆናል። ልጣጩ ቢነሳ ደግሞ በራሷ አዋጅ የጋሽ ኢድሪስ እንጀራ ይቆማል። ወደ አለቃዋ ወደ አቶ ወንድይራድ ደወለችና በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

"እርግጠኛ ነሽ?" አላት።

ሴኡል ሳለች ይህ ጥያቄ ሲመጣ ትዋሽ ነበር። "አይደለሁም" አለች። "አምስት መዝገብ ነው ያየሁት፤ ሁለት መቶ ሰባት ይቀረኛል። አዋጁን ስጽፍ ግን እርግጠኛ ነበርኩ፣ ዛሬ ሰው ሊሞት ነበር። አዋጁን ሰርዝ አላልኩም። አሁን ላንሳው፣ ስህተቴ ከሆነ መልሼ አለብሰዋለሁ።"

"እስከ ሰኞ ስብሰባ" አላት በመጨረሻ። "አንቺ ራስሽ እዚያው ቆመሽ እያንዳንዷን ቁም በዓይንሽ አይተሽ ትመዘግቢያለሽ። አንድ ነገር ቢፈጠር በስምሽ ነው።"

"በስሜ ይሁን።"

ኑሪያ የልጣጩን ጠርዝ በጥፍሯ አነሳችና አቀበለቻት። "ያስለበስሽው አንቺ ነሽ።"

ውዳሴ ሳበች። ልጣጩ ሳይበጠስ፣ ከፓራውልቱ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ ወጣ። ሰማዩ፣ ግንቡ፣ የሰፊዎቹ ቀለም ቀለም ጨርቅ ብረቱ ላይ ፈሰሰ። ከሰፊዎቹ አንዱ አጨበጨበ።

ጥቂት ሳይቆይ ራስ-መር ጭነት አመላላሽ መጣ። ከመታጠፊያው ስምንት ሜትር ሲቀረው ዝግ አለ፤ ቆመ። ውዳሴ ወደ ክሮሙ ጎንበስ አለች። ወይዘሮ ጦይባ የተቃናውን ጋሪዋን ይዛ ከግንቡ ጀርባ ነበረች። መኪናው መቆሙን ሰማች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጋሪው ግን ስለከበዳት ከክሮሙ ምስል ውስጥ አልወጣችም። ወደ ግንቡ ጠርዝ ብቅ ብላ እጇን ዘረጋች።

"እለፍ" አለችው።

ራስ-መሩ አልተነቃነቀም።

"እለፍ እንጂ።"

"ጦይባ፣ አንቺ እለፊ፤ መኪናው እያየሽ ነው" አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

"ሳያልፍ አላልፍም። እንግዳ ነው።"

ሰፊዎቹ ማሽኖቻቸውን አቆሙ። ከጭነት አመላላሹ ኋላ ሁለተኛው ራስ-መር መጥቶ ቆመ፣ ሦስተኛውም። ታብሌቱ የቁሙን ዓይነት እንድትመርጥ ይጠይቃት ነበር፦ ባዶ፣ ትክክለኛ፣ ብልሽት። ውዳሴ ከሦስቱ የትኛውንም መንካት አልቻለችም። እዚህም ሆነ ሴኡል በተማረችው ደንብ ሁሉ ውስጥ ሁለቱም ወገን መንገድ ሲለቅ ምን እንደሚደረግ አልተጻፈም፤ ደንብ የሚጻፈው ለሚጋፋ ነው።

ታብሌቷን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከግንቡ ዞራ የጋሪውን አንድ እጀታ ያዘች።

"ነይ እንለፍ ወይዘሮ ጦይባ" አለች። "እንግዳ እንዲህ ፀሐይ ላይ ይቆማል?"

ወይዘሮ ጦይባ ወደ መኪናው አየች፣ ወደ እሷ አየች፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከዚያ ሁለቱ ጋሪውን ገፉ።