ሰባት ቁጥር አውቶቡስ

ጋሼ አንድ ፍላሽ በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው አውቶቡስ ማጠቢያው ውስጥ ለሽቦ አቀበሉት።

«የተከተለኝ አለ?»

«ማንም የለም ጋሼ። ቶሎ ይንገሩኝ።»

ከሲታ ስለሆነ ሽቦ ይሉታል። ስድስት ወር ሙሉ የጣቢያው ቻርጀር ጠጋኝ ሆኖ ሲኖር፣ ሰላይ ነው ብሎ የጠረጠረው የለም። ጋሼ የጣቢያው ኃላፊ ናቸው፤ ምስኪን፣ እንደ ልጃቸው ነበር ያቀረቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን ከተማው በፀሐይ ኃይል ይሠራል። ፀሐይ ስትጠልቅ አርባ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ባትሪያቸው ውስጥ ያጠራቀሙትን ለከተማው መልሰው ይሰጣሉ። ጠላት ታዲያ በጋሼ እጅ አንድ ክፉ ፕሮግራም አስገባ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡሶቹ መስጠቱን ትተው መሳብ ይጀምራሉ። ከተማው ከነሆስፒታሉ ድርግም ይላል።

«ለምን አደረጉት?»

«ሚስቴ በማሽን ነው የምትተነፍሰው። ማሽኑን እንነቅለዋለን አሉኝ።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «የተበከሉት ሠላሳ ዘጠኙ ናቸው። ሰባት ቁጥር ንጹሕ ናት፤ ቤቴ በር ላይ አቁሜያታለሁ። የቤቱ መስመር ከተቃጠለ ወዲህ ማሽኑ የሚሠራው በእሷ ባትሪ ነው። ሁለት ደቂቃ ከጠፋ አበቃላት። እንዳትነካብኝ። ማልልኝ!»

«እናቴ ትሙት።»

ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሃያ ሆኗል።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገብቶ ለአለቃው ደወለ። የምስጢር ስሟ አክስት ነው፤ የሱ ደግሞ ምስማር።

«ምስማር፣ አገኘህ?»

«የክፉው ፕሮግራም ቅጂ ያለበትን ፍላሽ አግኝቻለሁ። ሠላሳ ዘጠኙን አጥፍቼ በንጹሕ ፕሮግራም አስነሳለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃኛል።»

«አርባውን።»

«ሰባት ላይ የሰው ነፍስ አለ።»

«አንዴ የከዳ ሰው ታምናለህ? አንዷ ከቀረች ሌሎቹን መልሳ ትበክላለች።»

«እሺ፣ መጀመሪያ ሴትዮዋን እናውጣ። ቤቱ ቅርብ ነው።»

«ሽማግሌው ከጣቢያው ንቅንቅ ካለ ጠላቶቹ ይነቁብናል። እዚያው ያዘው።»

ስልኩ ተዘጋ።

ጋሼ በላብ ተጠምቀው ገቡ።

«ልሂድ ልጄ? ብቻዋን ናት።»

«ቁጭ ይበሉ። አሁን ያልቃል።»

«ሰባትን...»

«አልነካትም አልኩ እኮ።»

ስክሪኑ ላይ አርባውንም በያሉበት አጥፍቶ የሚያስነሳ «ሁሉንም» የሚል ቁልፍ አለ።

ተጫነው።

ጋሼ ምን አውቀው! እፎይ ብለው ወንበሩ ላይ ተዘረጉና ጨዋታ ጀመሩ። «ያቺ ሴትዮ እኮ ማሽን አፏ ላይ ተደፍቶ እንኳ አትለቀኝም። ሚስትህ አውቶቡሷ ናት፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ ትለኛለች።»

ሳቁ። ሽቦም ሳቀ። እንዴት ያለ ሆድ ነው ይሄ? ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል፣ ሃያ ጊዜ የሰማው ቀልድ ይመስል አብሯቸው ሳቀ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። አርባውም ተነስተዋል። መንገዱ በሙሉ በራ።

«ተባረክ! ከተማውንም እኔንም አዳንከን።» ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ወደ ቤት ደወሉ። አይነሳም። ደገሙት። «እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል።»

«ይሆናል ጋሼ።»

ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ። ስክሪኑ የፍተሻውን ውጤት አወጣ፤ ሠላሳ ዘጠኝ የተበከሉ፣ አንድ ንጹሕ። ሽቦ ወዲያው ለአክስት ደወለ።

«ሰባት ንጹሕ ነበረች!»

«እናውቃለን» አለች አክስት። «ጠዋት በሩ ላይ ፈትሸናታል።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ምን አደረገች?»

«እሷ እስካለች ድረስ ሽማግሌውን ደግመው ያዙታል። አሁን ምን ይዘው ያስፈራሩታል?»

በሳምንቱ ራቅ ባለ ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ሊፍት ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። ጸሐፊዋ ፎርሙን ስትሞላ ቀና ብላ አየችው።

«ቤተሰብ አለህ?»

«የለኝም» አላት።