ኬብሉ ያልተሰካው ሰርቨር

ተረት መስሏችሁ እንዳታልፉት። በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። ሮቤ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጉሙ ከተራራው ወርዶ አስፋልቱን ውጦታል።

ልጄ ሮሚ ከልብስ ሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ኮምፒውተር ትጠግናለች። ጎባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ አሮጌ ሰርቨር ላከላት። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭና ካስነሳችው ይቀጥሯታል።

እኔ ገና ሲገባ አልወደድኩትም። ረጅም፣ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ለሁለት ተሸክመው በሩን ሲያልፉ ሬሳ የሚያስገቡ መሰለኝ።

ክፉ ማሰብ ልማዴ ነው።

ከሮሚ ጋር ተሸክሞ ያስገባው የሥራ ጓደኛዋ ጀይላን ነው።

«አዴ ማንያህልሻል፣ አይፍሩት» አለኝ። «እንደ ሙሽራ እያባበልነው ነው። አልነሳም አለ እንጂ አይነክስም።»

«አፍህን ዝጋና ፍላሹን አቀብለኝ!» አለችው ሮሚ።

ትሰካለች... ስክሪኑ ይጠቁራል። እንደገና... ይጠቁራል። ፕሮሰሰሩ ከተለመደው ዓይነት አይደለም፤ ለሌላው ኮምፒውተር የሚሆነው ሊኑክስ ለእሱ አይሆንም አሉ። ለእሱ የሚሆነውን አውርዳ ሰካች።

ሰርቨሩ ፍላሹን ጭራሽ አላየውም።

«አሁን ምን እያለ ነው?» አልኳት።

«በኔትወርኩ እየተጣራ ነው፣ እማዬ። የሚያስነሳኝ ማሽን አለ ወይ ይላል።»

«የሚመልስለት ከሌለስ?»

«ይደክመውና ይተዋል።»

አልተወም።

ነጭ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር... በፍጥነት።

«አገኘ!» ሮሚ አጨበጨበች። «ጀይላን፣ ከምን ጋር ነው ያገናኘኸው?»

ጀይላን ወደ እጁ ተመለከተ። የኔትወርኩ ኬብል እጁ ላይ ተጠቅልሏል። ሁለቱም ጫፍ።

«ያ አላህ...»

«ንቀይው!» አልኩ በሹክሹክታ። «ከመብራቱ ንቀይው!»

«እየጫነ ነው፣ እማዬ... ካቋረጥኩት ይበላሻል። ሥራው ያመልጠኛል።»

ጽሑፉ ቆመ። ማራገቢያውም ጸጥ አለ።

ከብረቱ ውስጥ...

«ሮሚ...»

የእኔ ድምፅ ነው።

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አፌ ዝግ ነው።

ጠሪሽን ሳታዪ አቤት አትበይ ብዬ ነው ያሳደግኋት። ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው... የሰማችውም የእናቷን ድምፅ ነው።

እጄን ወደ አፏ ሰደድኩ።

«አቤት፣ እማዬ።»

ዘገየሁ።

ሲስተሙ ያለ አንዳች እንከን ተጭኖ አለቀ። ጀይላን በማግስቱ ሰርቨሩን ጎባ ወስዶ ተከለው። ኮሌጁ በጣም ተደሰተ፤ ነይና ሥራ ጀምሪ ብሎ ላከባት።

ሮሚ ግን ከዚያች ሰዓት ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ ደህና ነው አለ። ጸበልም ወሰድኳት።

ምንም።

ትናንት ምሳ አቀረብኩና መናገር እንደማትችል ረስቼ «ሮሚ...» ብዬ ጠራኋት።

ቀና ብላ አየችኝ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ጀይላን ነው፣ ሰርቨሩን ሊያይ ከሄደበት ኮሌጅ።

«አዴ...» ትንፋሹ ይቆራረጣል። «አሁን ሮሚን ጠርተዋት ነበር?»

«አንተ በምን አወቅክ?»

«እስቲ... ደግመው ይጥሯት።»

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ ልጄን አየኋት።

«ሮሚ...»

ከንፈሯ ተከፈተ። ድምፅ የለም።

በስልኩ ውስጥ ግን... ከጎባ... የልጄ ድምፅ...

«አቤት፣ እማዬ።»

ፊት ለፊቴ፣ ሮሚ ከንፈሯን ገጠመች።