ሰሚ ያጡ

«ማነው የሞተው?»

ሰብሊ ቀና ስትል የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ እጅጉ በሚኒ ሚዲያው ክፍል መስኮት ሥር ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ምን አሉኝ፣ ጋሼ?» አለች። ከጣሪያው ላይ የተሰቀለው ሞንታርቦ ስለሚጮህ አልሰማቻቸውም።

እሳቸው ዘወር አሉና ወደ ሰንደቁ ሄዱ። ገመዱን ፈቱ። ባንዲራው ቀስ እያለ ወረደና ግማሽ ላይ ቆመ።

ሰብሊ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የሐሙስ እረፍት የእሷ ተራ ነው። ሌላ ጊዜ ዘፈን ትከፍታለች። ዛሬ የከፈተችው ግን ሃምሳ ስልሳ ሰው አብሮ የሚጫወተው፣ ቃል የሌለው የባሕር ማዶ ሙዚቃ ነበር። እሷ ዳዴ በምትልበት ዘመን ሬዲዮ ዘፈኑን አቋርጦ እንዲህ ያለ ከባድ ሙዚቃ ካሰማ ወይ ትልቅ ሰው ሞቷል፣ ወይ መንግሥት ተለውጧል ማለት እንደነበር የነገራት አልነበረም።

የቡሬ ሰው ግን አልረሳም። ዕለቱም ገበያ ነበር። በአጥሩ ሥር በርበሬ የዘረጉት ሴቶች መጀመሪያ ሙዚቃውን ሰሙ፤ ቀጥለው ባንዲራውን አዩ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አደግድገው «ኧረ ማን ይሆን፣ ወየው!» አሉ። ማን እንደሞተ ሳይታወቅ ለቅሶው ተጀመረ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ አንዱን መዝጊያ ገጠመ። እረፍቱ ሳያልቅ የርዕሰ መምህሩ ስልክ ጮኸ፤ የወረዳው ሰው ነበር። «ምን ሰምታችሁ ነው? ለእኛ ያልተነገረን ምን ነገር አለ?»

ሰብሊ ቢሮ ስትደርስ ወንዳወቅ ቀድሟታል። ወንዳወቅ የስፖርት ዜና አንባቢው ነው፤ አፉ ከእግሩ ይፈጥናል።

«ካሴት ተምታቶብን ነው፣ ቲቸር። እሷ ሳታየው ነው የከተተችው።»

ርዕሰ መምህሩ አቶ እንዳለው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲያ ነው፣ ሰብሊ?»

ሰብሊ ወለሉን አየች። ዝምታዋ እንደ አዎንታ ተቆጠረ።

«መልካም። ስህተት ከሆነ እዚህ ላይ ይበቃል። ሆን ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያን ክፍል ዛሬውኑ እቆልፈው ነበር።» ወንዳወቅ ያመጣላቸውን ካሴት አገላብጠው አዩት። «ባዶ ካሴት ጠፍቶ የፀረ ኤድስ ክበቡ ድራማ ሳይቀዳ ቀርቷል። ነገ ጠዋት በዚህ ላይ ቅጂበት።»

ካሴቱን መልሰው እጇ ላይ አኖሩት።

ያገኘችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር፣ የእንግሊዝኛ ክፍሉን ቁምሳጥን ስትጠርግ። ሁለት ዓመት አስተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ መምህር ትቶት የሄደ ነው። በጀርባው ላይ በተንጋደደ ፊደል «ሰሚ ያጡ» ብሎ ጽፎበታል።

«የአቤቱታ ካሴት ነው በይኛ!» ብሎ ነበር ያን ዕለት ወንዳወቅ። «ሰሚ ካጡ ለወረዳ እንስጣቸው።»

ቢከፍቱት ግን አቤት የሚል ሰው የለም። ሙዚቃ ብቻ። ማቀፊያው ውስጥ የአራት የሙዚቃ ደራሲዎች ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ ሁለቱን እርጥበት በልቷቸዋል። ሰብሊ የቀሩትን ሁለቱን በቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ መዝገበ ዕውቀት ፈለገቻቸው። የታወቁት፣ ዊግ ያጠለቁት፣ ሁሉም ከነሥዕላቸው አሉ። የካሴቷ ሰዎች የሉም። ሰሚ ያጡ የተባሉት እነሱ መሆናቸው ያኔ ገባት።

ሦስተኛውን ሥራ መጀመሪያ ስትሰማው ረዘመባት፤ ልታወጣው እጇን ዘርግታም ነበር። ብዙ ሰው ከባድ ነገር ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። በማግሥቱ ደግማ ስትሰማው ከሥሩ ቀጭን ምት እንዳለ አስተዋለች፣ ልክ በቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ካፊያ። በአምስተኛው ቀን አንድ ዋሽንት የሚመስል፣ ግን በአፍንጫው የሚናገር ነገር ብቻውን ሲጠይቅ ሌሎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲመልሱለት ለየች። ከዚያ መጨረሻው። ያ ዳገት የሚወጣ ዜማ ራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ግን ሸክሙን አውርዷል፣ እየቸኮለ ወደ ቤቱ ይገባል። ያው ዜማ መሆኑን ያወቀች ዕለት ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

ዛሬ የከፈተችው ይህንኑ ነበር፤ ወንዳወቅ ሮጦ ገብቶ ሶኬቱን እስኪነቅል ድረስ ግን የተሰማው ዳገቱ ብቻ ነው።

ከትምህርት በኋላ ወንዳወቅ ፕላስተር ይዞ መጣ። ፈረንጁ ማንም በላዩ እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጥርስ ሰብሮታል፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ቴፑ አይቀዳም። ወንዳወቅ ቆርጦ ለጠፈበት።

«ይኸው፤ ነገ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።»

«ተምታቶ አይደለም እኮ፣ ወንዴ። እያወቅሁ ነው የከፈትኩት።»

«አውቃለሁ። አቦ፣ ችክ አትበይ! ክፍሉ ቢቆለፍስ? እኔ ስፖርቱን ለማን ነው የማነበው፣ ለግድግዳው? ደግሞስ ማን ሰማልሽ? አገሩን በሙሉ አስለቀስሽው።»

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ፤ ጋሽ እጅጉ ነበሩ። ከሰዓቱን ሙሉ መምህራኑ «ዛሬስ ማንን ቀበሩ?» እያሉ ሲስቁባቸው ውለዋል።

«ልጄ፣ ያን ነገር እስቲ ድገሚልኝ። ሰው የሞተ መስሎኝ ስሮጥ በወጉ ሳልሰማው ቀረሁ።»

ሰብሊ የሞንታርቦውን ገመድ ነቅላ በቴፑ በራሱ ድምፅ ዝቅ አድርጋ ከፈተችው። ጋሽ እጅጉ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በልጅነታቸው ጎንጅ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ቆጥረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ያ ብቸኛ ድምፅ ሲጠይቅ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ተንቀሳቀሰ። መጨረሻው ሲደርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቆይ... ይኸ ያ የፊተኛው አይደለም?»

«ነው! ለዩት?» ሰብሊ ከወንበሯ ተነሣች።

«አዬ ጉድ! ለካ እኔ ሰሙን ብቻ ሰምቼ ነው ባንዲራ ያወረድኩት።» ሳቁ። ወንዳወቅም ሳይወድ ፈገግ አለ። «ማነው ዜማውን የደረሰው?» አሉ ጋሽ እጅጉ።

«ስሙ ጠፍቷል፣ ጋሼ። እርጥበት በላው።»

«የብዙ ባለቅኔ ስም ጠፍቷል፤» አሉ ባርኔጣቸውን እያጠለቁ። «እኛ ቅኔ ቤት ባለቅኔው ቅኔ ሲዘርፍ አጠገቡ ተቀባይ ይቆማል። ተቀባዩ ካላነሣለት ቅኔው እዚያው ወድቆ ይቀራል።» ከበሩ ላይ ዘወር አሉ። «ሌላ ጊዜ ስትከፍቺው ግን አስቀድመሽ ንገሪን፣ ልጄ። እኔም ገመድ አልፍታ።»

ሲወጡ ሰብሊ ካሴቱን አወጣች። ፕላስተሩን በጥፍሯ ጫፍ ያዘችና ላጠችው።

«ሰብሊ፣ ሙድ አትያዢ።»

«ቢቆልፈውስ ብለህ ነው?»

«ይቆልፈዋላ!»

«ይቆልፈው ይሆናል።»

ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገነጠለች። አጎንብሳ ጥቂት ጻፈች፤ ሰረዘች፤ እንደገና ጻፈች። ወንዳወቅ በትከሻዋ በኩል አሾልኮ አነበበ፤ የመጪው ሐሙስ ማስታወቂያ ነው። «ማንም አልሞተም» ይላል የመጀመሪያው መስመር። «እስከ መጨረሻው ስሙት።»

«ቢያንስ ቢያንስ» አለ ራሱን እያከከ፣ «የስሙት ‹ሙ› ‹መ› መስላለች። አስተካክያት።»

አስተካከለቻት። በመስኮቱ የአቶ እንዳለው ቢሮ መብራት ይታያል፤ ገና አልወጡም። ወረቀቱን አጥፋ ከካሴቱ ጋር ያዘችና በሩን ከፍታ ወደ ቢሮው አመራች።